የመስኖ ቧንቧ ፈንድቶ የፍሰት ሴንሰሩ ሳይዘጋው ቢቀር ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር ሽንኩርት አለማለሁ። ባለፈው መስከረም አንድ ድርጅት ከሐይቁ ውኃ በሚስበው መስመሬ ላይ የፍሰት ሴንሰርና ራሱ የሚዘጋ ዋና ቫልቭ ሸጦ ገጠመልኝ። ቧንቧ ከፈነዳ ፍሰቱ ከልክ ማለፉን ሴንሰሩ ያውቃል፣ ቫልቩ ይዘጋል፣ ፓምፑም ይቆማል ተብዬ ነበር። በኅዳር ያለ ምክንያት እየጮኸ አስቸግሮን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተሻለው። በየካቲት አንድ ሌሊት ዋናው ቧንቧ ሲፈነዳ ግን ቫልቩ አልዘጋም፤ ጠባቂው ሊነጋጋ ሲል ሞተሩን እስኪያጠፋ ድረስ ውኃው የእኔንም የጎረቤቴንም ማሳ አጥቦ ወሰደው። ለድርጅቱ ስደውል «እናየዋለን» ይሉኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ በሽማግሌ ካሳ ጠይቆኛል። ድርጅቱን መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ በመርሕ ደረጃ ይችላሉ። ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሆነ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ይደነግጋል። ጎረቤትዎም ጥፋት መፈጸምዎን ካስረዳ በቁጥር 2028 መሠረት ካሳ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ ለዚህም በቁጥር 2143 የተሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። እስከዚህ ድረስ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። እኔን ያሳሰበኝ «ከዚያ በኋላ ተሻለው» ብለው በአጭሩ ያለፉት ነገር ነው።

አይቀየሙኝና፣ ሴንሰር በራሱ ጊዜ ታሞ በራሱ ጊዜ አይድንም። ጩኸቱ የቆመው አንድ ሰው አንድ ነገር ስላደረገ ነው ብዬ እገምታለሁ፦ ወይ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል (በእጅ ወደሚታዘዝበት) ዞሯል፣ ወይ ማንቂያ የሚሰጥበት የፍሰት ልክ ከፍ ተደርጓል፣ ወይም የማንቂያ መልእክቱ የሚደርስበት ሲም ካርድ ወጥቷል። ያደረገው ማን ነው? እርስዎ፣ ጠባቂው ወይስ የድርጅቱ ቴክኒሻን? ማኑዋል ላይ ያለ መቆጣጠሪያ ቧንቧው ለሁለት ቢሰነጠቅ እንኳ ቫልቩን ላይዘጋው ይችላል። እርስዎ ወይም ሠራተኛዎ አዙራችሁት ከሆነ የድርጅቱ ጠበቃ «ዕቃው ደኅና ነበር፣ ያጠፋው ገዢው ነው» ብሎ ይከራከራል፤ ያው ነገር ለጎረቤትዎም የጥፋት ማስረጃ ይሆንለታል። ብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች ማንቂያ የሰጡበትንና ቅንብራቸው የተለወጠበትን ሰዓት ስለሚመዘግቡ፣ ይህን ለጠበቃዎ መደበቅ ምንም አይጠቅምዎትም።

በሌላ በኩል ያው የኅዳር ጩኸት ዋናው መከራከሪያዎ ሊሆን ይችላል። የፍሰት ሴንሰር በትክክል የሚለካው ውኃው ሳይናወጥ ሲያልፍበት ነው። ስለዚህ አምራቾች በተለምዶ ከሴንሰሩ በፊት የቧንቧውን ስፋት 10 እጥፍ፣ ከሴንሰሩ በኋላ ደግሞ 5 እጥፍ የሚሆን ቀጥ ያለ ቧንቧ እንዲኖር ያዝዛሉ፤ ይህም በ75 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ላይ ከፊት 75፣ ከኋላ ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የእርስዎ ሴንሰር ከፓምፑ ወይም ከክርኑ (ቧንቧው ከሚታጠፍበት) አጠገብ ተለጥፎ ከተገኘ የሐሰት ማንቂያው ምንጭ የገጠማው ስህተት ሊሆን ይችላል። ሜትር ዘርግተው ፎቶ ያንሡት፤ መመሪያውንም ያያይዙ። ድርጅቱ «መጥተን እናስተካክላለን» ቢልዎ ገለልተኛ ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ አያስነኩ።

አሁን ደንበኞቼ ደጋግመው ወደሚወድቁበት ጉድጓድ ልምጣ። ሰው ሁሉ ጊዜውን መቁጠር የሚጀምረው ጉዳቱ ከደረሰበት ሌሊት ነው፤ ሕጉ ግን ከቁጥር 2291 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ገዢው ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል፤ ካላስታወቀ በጉድለቱ መብቱን ያጣል። እርስዎ ጉድለቱን ያወቁት መቼ ነው ቢባል፣ ድርጅቱ «በየካቲት ሳይሆን በኅዳር ነው» ይላል። በኅዳር በስልክ ነግሬያቸዋለሁ ካሉ ሁለት ነገር ይከተላል። ንግግሩን ማስረዳት ካልቻሉ ማስታወቂያ እንዳልሰጡ ሊቆጠር ይችላል። ካስረዱ ደግሞ በቁጥር 2298 ክስ ለማቅረብ የተሰጠው 1 ዓመት ከዚያው ማስታወቂያ ጀምሮ ይቆጠራል፤ ስለዚህ እስከሚመጣው የካቲት ጊዜ አለኝ ብለው ሲጠብቁ ኅዳር ላይ ሊያልፍብዎት ይችላል። «እናየዋለን» የሚለው የስልክ መልስ ይህን ቆጠራ ያቆመዋል ብለው እንዳይተማመኑ። ውሉ ሽያጭ ነው ወይስ የሥራ ውል (ሥራ ሠርቶ የማስረከብ ውል) የሚለው ጥያቄ የጊዜ ገደቡን ሊለውጠው ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ላይ ተመሥርተው መዘግየት የለብዎትም፣ ውሉን ጠበቃ ይየው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጉድለቱን፣ የታየበትን ቀንና የደረሰውን ጉዳት የሚገልጽ ማስታወቂያ በጽሑፍ አዘጋጅተው በአደራ ደብዳቤ ይላኩ፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝም አይጣሉ። በኅዳር በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት የጻፉላቸው ካለ አይሰርዙት፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል። የተሰነጠቀውን ቧንቧ ለቆራሌው ሸጠውት እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ ካለ በደረቅ ስፍራ ያስቀምጡት። ውሉን፣ ደረሰኙንና የርክክብ ቅጹንም ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ፤ በተለይ የርክክብ ቅጹ ላይ «ያለ ጉድለት ተረክቤያለሁ» የሚል ቃል ላይ ፈርመው እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። የማሳውን ጉዳት የቀበሌው የግብርና ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ ቢያረጋግጥልዎ መልካም ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1802 ጉዳቱን ለመቀነስ የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርጉ ስለሚጠብቅብዎ፣ የቀረውን ሰብል ለማዳን ያወጡትን ወጪ ማስረጃም ይያዙ።

የጎረቤትዎን ጉዳይ በሽማግሌ መጨረስ የተሻለ ነው፤ የሚፈራረሙት ወረቀት ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ቃል እንዳይኖርበት፣ ካሳውን ቢከፍሉም ድርጅቱን የመጠየቅ መብትዎ እንደተጠበቀ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ጠበቃዎ ረቂቁን ሳያነብም አይፈርሙ።