የቆየች ስፖርት መኪናዬን ሾክና ሞላ በምን ልተካ?

ጥያቄ፦ የ1990 ሞዴል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለችኝ። ጉድጓድ ስትመታ ደጋግማ ትነጥራለች፤ አንዱ ሾክም ዘይት ማፍሰስ ጀምሯል። አጠር ያለ ጠንካራ ሞላ ገዝቼ በነባሮቹ ሾኮች ላይ ባስገጥም ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃዎትም። ክብደቷን የሚሸከመውና ከፍታዋን የሚወስነው ሞላው ሲሆን፣ ሞላው ተጨምቆ ሲለቀቅ የሚፈጠረውን መዋዠቅ የሚገታው ሾኩ ነው፤ ሞላው በጠነከረ ቁጥር የሚመልሰው ኃይል ስለሚበረታ፣ የደከመ ሾክ ጨርሶ አይቆጣጠረውም። ስለዚህ ሁለቱን አጣጥመው በአንድነት ይምረጡ። ከቢልስታይን ኩባንያ ሾኮች ቢ6 ለመደበኛ ሞላ፣ ቢ8 ደግሞ ላጠረ ሞላ የተዘጋጁ ናቸው፤ ቢጫው የኮኒ ስፖርት ሾክ በበኩሉ ሞላው የሚመለስበትን ፍጥነት ለማስተካከል ያስችላል።

እኔ በተራ መንገድ ለምትነዳ መኪና መደበኛውን ከፍታ አጥብቄ እመክራለሁ። መኪናዋ ዝቅ ባለች መጠን ጎማው ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስለሚጠብ፣ ሾኩ በዘንጉ ላይ ካለው የላስቲክ ማቆሚያ ጋር ቶሎ ቶሎ ይጋጫል፤ ያኔ ጠንካራው ሞላ ያመጣው ጥቅም ሁሉ ይጠፋል።

የግራውና የቀኙ ሁልጊዜ አብረው ይቀየሩ። በዚህ ዕድሜ ጎሚኒዎቹም (በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያሉት ላስቲኮች) ደርቀው ሊሰነጣጠቁ ስለሚችሉ አብረው ያስፈትሹ። መካኒኩ ጎሚኒ ያለባቸውን ቡሎኖች መጨረሻ ላይ የሚያጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ክብደቷን ስትጥል መሆን አለበት፤ ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቁ ግን ጎሚኒዎቹ እንደተጠማዘዙ ስለሚቀሩ ቶሎ ይቀደዳሉ። ከዚያ በኋላ የጎማ አላይመንት ያሠሩ።