መልስ፦ የጥይት መከላከያ ሰደርያ ጨረታ ላይ ምን ይጻፍ?

ሰላም ወንድሜ፣ ለወታደሮች ስለሚገዛው ሰደርያ መስፈርትና ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለው ምድር ቤት መጋዘን ስለ አቀማመጡ ጠይቀሃል። «ጥይት የማይበሳው» ብለህ ብቻ እንዳትጽፍ፤ የሰው ሕይወት ነው! በአሜሪካው ብሔራዊ የፍትሕ ተቋም (ኤንአይጄ) 0101.06 መስፈርት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ0101.07 በተተካው፣ ደረጃ 3ኤ የሚያቆመው የሽጉጥ ጥይት ነው፤ ለክላሽ ሰደርያው ውስጥ የሚገባ ጠንካራ ሰሌዳ (ፕሌት) የግድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚጠበቀውን የጥይት ዓይነትና ፍጥነት በስም ጻፍ። ጥይቱ ባያልፍም ወደ ሰውነት የሚገፋው ጥልቀት በሙከራ ከ44 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። የሙከራው ወረቀት የዚያው ሞዴል መሆኑን አረጋግጥ።

የሴራሚክ ፕሌት ከወደቀ ከሽፋኑ ሥር ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁን ኤክስሬይ እንጂ ዓይን ላያየው ይችላል። ሰደርያው የሚሠራበትን ጠንካራ ጨርቅ፣ ኬቭላርን፣ እርጥበትና ፀሐይ ይጎዱታል፤ ክረምት ላይ ምድር ቤት ስለሚረጥብ ከወለል ከፍ አድርገህ፣ ሳታጥፍ አጋድመህ አስቀምጥ።