መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ፦ ሕግ ለምትማሩ የጅማ ልጆች

ባለፈው ሐሙስ አንዲት እናት ፈረንጅ አራዳ ካለችው ቢሮዬ መጡ። ልጃቸው ካናዳ ነው። የአሳይለም (የጥገኝነት) ኬዙ ሪጀክት ተደርጓል፤ ይግባኙም እንደዚያው። ደብዳቤውን በስልካቸው አሳዩኝና «እርስዎ አሳምረው ይጻፉለት፤ ዳኛው ይራራለታል» አሉ። አጠገቤ ያለው ተለማማጅ ወዲያው እስክሪብቶ አነሳ።

እኔም በእሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ለአንድ የሰፈራችን ልጅ ሰባት ገጽ ጽፌ ልኬ አውቃለሁ። የእናት እንባ፣ የታመመ አባት፣ ምን ያልነበረበት አለ! ውጭ አገር ያለው የልጁ ጠበቃ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ያስለቅሳል። ግን ውሳኔው የቱ ላይ ነው የተሳሳተው?» መልስ አልነበረኝም።

ልጆቼ፣ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውሳኔ ሲመረምር ታሪኩን እንደ አዲስ አይሰማም። የእኛን ሰበር ችሎት አስቡ፤ እሱም የሚፈልገው የሕግ ስህተት ነው፤ አንድ አይደሉም፣ ግን መንፈሳቸው ይቀራረባል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በቫቪሎቭ ጉዳይ እንዳለው፣ ዳኛው በአብዛኛው የሚያየው ውሳኔው ምክንያታዊ መሆኑን ነው። «እኔ ብሆን ምን እወስን ነበር?» አይልም። አዲስ ማስረጃም እንደ ልብ አይገባም። ስደተኛው ቢያሸንፍ እንኳ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ለሌላ ወሳኝ (ውሳኔ ሰጪ) ይመለሳል እንጂ የመኖሪያ ወረቀት በእጁ አይሰጠውም።

ስለዚህ ደብዳቤውን አንብቡ። እኔ የእኚህን እናት ልጅ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጁ በኢንተርቪው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡብኝ» ብሏል። አስተርጓሚው 8ን እንዳለ አስቀምጦታል። በጽሑፍ ባቀረበው ላይ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት 2 ይላል። «ወንድሜ» ያለውም የአጎቱ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከእኛ ማን የአጎቱን ልጅ «የአጎቴ ልጅ» ይላል? ወሳኙ ግን «እርስ በርሱ ይጋጫል፣ አይታመንም» ብሎ ዘጋው። የልጁ ጠበቃ የሰዓቱን ነገር በይግባኙ አስረድቶ ነበር። የይግባኙ ውሳኔ ላይ ስለዚያ ማብራሪያ አንድ መስመር የለም። ስንጥቁ እዚህ ጋ ነው፤ ዋና ክርክር ቀርቦ ዝም መባሉ።

ሌላም ነገር አትርሱ። ጥገኝነት ተከለከለ ማለት ሰውየውን የትም መጣል ይቻላል ማለት አይደለም። የ1951ዱ (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 33 ወደ አደጋ መመለስን ይከለክላል፤ ግን ለአገር ደኅንነት አስጊ የሆነውን ሰው ለመመለስ በር ከፍቷል። የፀረ ማሰቃየት ስምምነት አንቀጽ 3 ያ በር የለውም። ማንም ይሁን ማን፣ ሊሰቃይ ወደሚችልበት አይመለስም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ደግሞ ከድንበር ላይ መመለስንም ይከለክላል። የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.። ፈረንጁ 1969 ይለዋል። አያችሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ሁለት ስም አለው።

ለእኚህ እናት ምንም አልጻፍኩላቸውም። ካናዳ ውስጥ ለተሰጠ ውሳኔ የአገሩ ፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲመረምረው ፈቃድ መጠየቂያው 15 ቀን ብቻ ነው። ተለማማጁን «እስክሪብቶውን አስቀምጥና ደብዳቤው ከደረሰው ስንት ቀን እንደሆነው ቁጠር» አልኩት። ጣቱን ዘርግቶ «መስከረም…» ብሎ ጀመረ።

«በፈረንጅ» አልኩት።