ጠበል የጀመረ ሰው የጭንቀት መድኃኒቱን ማቆም አለበት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለ ልቤ በድንገት ይመታብኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ «አሁን ሞትኩ» እላለሁ። አቋርጬ ወደ ቤቴ እሮጣለሁ። ሆስፒታል ሄጄ ልቤን መርምረው ጤነኛ ነው አሉኝና ወደ አእምሮ ሐኪም ላኩኝ። ሰርትራሊን የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ፤ ሦስት ወር ስወስድ ተሽሎኝ ነበር። ጠበል ስጀምር አብራኝ የምትጠመቅ እኅት «ክኒንና ጠበል አብረው አይሄዱም፣ እምነት ማጉደል ነው» ስትለኝ ጣልኩት። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ያዞረኛል፣ ጭንቅላቴን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፣ ቅዠቱም በዝቷል። «መንፈሱ እየተቃጠለ ነው፣ ሊወጣ ነው» ይሉኛል። ጌታ «አትጨነቁ» እያለ እኔ የምጨነቀው እምነት ስለሌለኝ ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ የክኒኑ ነገር አያድርምና ከእሱ ልጀምር። ያዞረሽም የነዘረሽም መድኃኒቱ በአንድ ቀን ስለተቋረጠ ነው። ሰርትራሊንና መሰሎቹ ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር አሠራር ይለውጣሉ፤ አንጎልም በሳምንታት ውስጥ ይላመደዋል። በድንገት ሲነጠቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ባሉት ቀናት ውስጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብስጭት፣ ቅዠት፣ ያ የነገርሽን ንዝረትም ይመጣል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይበርዳል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን ይቆያል። ጠበል ደርሶበት የማያውቅ ሰውም ይህንኑ መድኃኒት እንዲህ ቢያቋርጥ ይኸው ስሜት ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ የርኩስ መንፈስ ምልክት አድርገሽ አትያዢው።

በዚህ ጉዳይ ጠንከር ብዬ የምናገረው ጉዳቱን ደጋግሜ ስላየሁት ነው። በፍርሃት የሚታመም ሰው «መንፈስ አለብሽ» ሲባል ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍርሃቱ ሲጨምር ልቡ የበለጠ ይመታል፤ የልቡ መምታት ደግሞ «አየሽ፣ ተነሣ» ያሰኛል። ከዚህ አዙሪት መውጣት የሚያቅታቸው ብዙዎች ናቸው። ክኒኑን ጣዪ ያለችሽ እኅት በቅንነት ብታደርገውም ተሳስታለች፤ ይህን የማዘዝ ሥልጣንም የላትም።

በራስሽ ውሳኔ መልሰሽ አትጀምሪው፤ ያለፈሽን ለማካካስም ሁለት ሁለት አትዋጪ። ማሸጊያውን ይዘሽ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ፣ ካቆምሽ ስንት ቀን እንደሆነም በትክክል ንገሪው። በስንት ሚሊ ግራም እንደምትጀምሪ የሚወስነው እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቅበጥበጥ ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለው ያን ጊዜ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። ከተሻለሽ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት እንድትቀጥዪ ይነግርሻል። የማቆሚያው ቀን ሲደርስ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ጠበልንና መድኃኒትን ባላንጣ አድርጋ አታውቅም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። በዚያው ምዕራፍ በመጀመሪያ ጸልይ ካለ በኋላ ለባለ መድኃኒትም ስፍራ ስጠው ይላል። አንዱን ምረጥ አላለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እየጣሉ ጠበል ለሚገቡ ወገኖች ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ አስተምረዋል። አጋንንት የሉም ማለቴ አይደለም፤ አሉ፣ ጌታም ያወጣቸዋል። ነገር ግን ማቴዎስ በ4፥24 ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችን ለብቻ ይጠራል። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ለምን እንደባልቃለን?

«አትጨነቁ» የሚለው ቃል ለታመመ ሰው ክስ ሆኖ ሲወረወር ማየት ያሳዝነኛል። ጌታ ይህን የተናገረው ለሁለት ጌቶች መገዛት እንደማይቻል ካስተማረ በኋላ፣ ስለሚበላና ስለሚለበስ ነው፤ ልባቸው በገንዘብ የታሰረውን ወደ አባታቸው እንዲያዩ ሊያደርግ ነው። ሰውነቱ ሳይፈልግ የሚንቀጠቀጠውን ሰው ሊወቅስ አይደለም። ፊልጵስዩስን «አትጨነቁ» ያለው ያው ጳውሎስ ስለ ራሱ «በውጭ ጠብ ነበረ፥ በውስጥ ፍርሃት ነበረ» ብሎ ጽፏል (2ኛ ቆሮ. 7፥5)። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቢው፤ እግዚአብሔር በምን አጽናናው? በቲቶ መምጣት። ተግሣጽ አልላከለትም፣ ሰው ላከለት። ኤልያስም ከክትክታው ሥር ተኝቶ ሞቱን ሲለምን መልአኩ እምነቱን አልመረመረውም። ዳቦና ውኃ አቀረበለት፤ ተኛ፤ ቀስቅሶ ዳግመኛ አበላው (1ኛ ነገ. 19)። ነቢዩ እሳት ያወረደ ሰው ነበር፤ ሰውነቱ ግን ደክሞ ነበር። ስለዚህ ሕመምሽን እንደ ኃጢአት ቆጥረሽ በየሳምንቱ ለንስሐ አባትሽ አትናዘዢው፤ እንደ ሕመም ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ቅዳሴው እንምጣ። ይህ ሕመም ሌባ ሳይኖር እንደሚጮህ ውሻ ነው፤ ጩኸቱ እውነተኛ ነው፣ ሌባው ግን የለም። ድንጋጤው ሲነሣ በ10 ደቂቃ ገደማ ጫፍ ይደርስና አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ጣትሽ የሚደነዝዘው ሳታውቂው በፍጥነት ስትተነፍሺ በደምሽ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያንስ ነው። ትልቁ ስሕተት ጫፉ ላይ ሳለሽ መውጣትሽ ነው። እንደወጣሽ ይቀልልሻል፤ ሰውነትሽም «ያዳነኝ መውጣቴ ነው» ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው እሑድ ገና በሩ ላይ ይጀምርሻል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያውቅሽ ሰው አጠገብሽ ይሁን፣ በሴቶች በር በኩል ቁሚ፣ ሲደክምሽ ተቀመጪ። በባዶ ሆድ ለረጅም ሰዓት መቆም በራሱ ያዞራል፤ ለታመመ መቀመጥ ነውር አይደለም። ድንጋጤው ሲመጣ በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልሽ እስከ 6 ድረስ ቀስ ብለሽ አስወጪ። አርባ አንዱን በዚህ አኳኋን ብታደርሺ 7 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ክፉው ጫፍ ያን ጊዜ ሊያልፍ ጥቂት ይቀረዋል። የግድ መውጣት ካለብሽ እስከ ቅጥሩ ውጪና ተመለሺ፤ ወደ ቤት አትሂጂ። አንዴ ብቻ ሞክረሽ አልሠራም አትበዪ፤ ሰውነት የሚማረው በመደጋገም ነው።

ስለ ቁርባን የምትሰጊ ከሆነ፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን በዚያ ቀን ጥቂት ሰዓት ዘግይቶ ከቁርባን በኋላ ቢወሰድ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፤ ሐኪምሽንም ንስሐ አባትሽንም አማክሪ። ጾሙ ሕመምሽን ካባሰው ፍትሐ ነገሥት ለታመመ ያዝናል፤ ልኩን የሚወስኑልሽ ንስሐ አባትሽ ናቸው። በጠበል ቦታ ሌሊቱን ሙሉ አለመተኛት ግን ለአንቺ መድኃኒት አይሆንም፤ የእንቅልፍ ማጣት ድንጋጤውን ይቀሰቅሳል።

ጅማ ተቀምጦ ቡና ቀንሺ ማለት ከባድ ነው። ቢሆንም ካፌይን በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ድንጋጤውን ራሱን ሊያስነሣ ይችላል፤ ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከጾም ስትፈቺ መጀመሪያ ብዪ፣ ከዚያ አቦሉን ብቻ ጠጪ፤ ቶናውና በረካው ይቅርብሽ። በአንድ ቀን አታቁሚው፣ ራስ ምታት ይይዝሻልና በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነስሽ ሂጂ። ይህን የምታነቡ ወጣቶችም፣ ጫት ቅማችሁ በማግሥቱ ልባችሁ ሲመታ፣ በጨብሲ ልታበርዱት ስትሞክሩ ጠበል ቦታ ብቻ አትሩጡ፤ መጀመሪያ ጫቱን ተዉት።

አንገትሽ ላይ እንቅርት ካለ፣ ክብደትሽም እየቀነሰ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ከመጠን በላይ የሚሠራ እንቅርት ልክ እንደዚህ ያስጨንቃል፤ በደም ምርመራም ይታወቃል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ ወይም ለተከታታይ ቀናት እንቅልፍ ካጣሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ቤተሰብሽን ይዘሽ በዚያው ቀን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂጂ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጠበሉን ጠጥተሽ ሂጂ፣ ጸሎቱም በመንገድ አይቋረጥ።