ጉማሬ ሣር እየበላ ለምን ሰው ይተናኮላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አጎቴ ጣና ላይ በታንኳ ዓሣ ያሰግራል። ጉማሬ ሥጋ በል አይደለም ይባላል፤ ታዲያ ለምን ታንኳ ይገለብጣል? አጎቴንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ልክ ነህ፣ ምግቡ ሣር ነው። ማታ ከውሃ ወጥቶ 40 ኪሎ ያህል ግጦ ይመለሳል። ጠቡ የቦታ ነው። ኮርማው ከወንዙ ወይም ከሐይቁ ዳርቻ አንዱን ክፍል የኔ ብሎ ይይዛል፤ ፋንድያውን ሲጥል በአጭር ጅራቱ ግራና ቀኝ እየመታ ይበትነዋል፣ ይህም ለሌላው ኮርማ መልእክት ነው። ሞዛምቢክ ውስጥ ተመራማሪዎች የጉማሬ ድምፅ ቀድተው መልሰው ሲያሰሟቸው፣ ለጎረቤቶቻቸው ድምፅ ረገብ ብለው ለማያውቁት ድምፅ ግን ፋንድያ መርጨት አበዙ፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እኔን በጣም ነው ያስገረመኝ! ታንኳም እንግዳ ሆኖ በመካከላቸው ሲገባ ያው ወራሪ ነው።

ጉልበቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ትልቅ ኮርማ ከ1,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የታችኛው ክራንቻው እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ በየብስም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ሮጬ አመልጣለሁ ብሎ ነገር የለም። አፉን በረጅሙ ሲከፍት አዛጋ እንዳትሉ፣ እያስፈራራ ነው።

አጎትህ መንጋውን በሩቁ ይዙረው። ግልገል ያላት እናት ጋ ድርሽ አይበል። ንጋትና ምሽት ላይ ደግሞ፣ ለግጦሽ ሲወጣና ሲመለስ ማለት ነው፣ በጉማሬውና በውሃው መካከል በፍጹም አይቁም።