ከጉልበት ጉዳት በኋላ መቼ ልሩጥ?

ጥያቄ፦ ጉልበቴን ተጎድቼ ለወራት ከሩጫ ርቄ ቆይቻለሁ። አሁን ስራመድ ሕመም ስለማይሰማኝ ወደ ቀድሞው ልምምዴ ብመለስ ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ ያለ ሕመም መራመድ መልካም ምልክት ቢሆንም ብቻውን በቂ ማረጋገጫ አይደለም፤ በሩጫ ወቅት እያንዳንዱ እግር በየተራው ከሰውነት ክብደት ከእጥፍ በላይ የሆነ ጫና ስለሚሸከም፣ በእረፍቱ ወራት የሳሳው የጭን ጡንቻ ይህን መቋቋም መቻሉ አስቀድሞ መታየት አለበት። በተጎዳው እግርዎ ብቻ ቆመው ደጋግመው ዝቅ ብለው መነሳት፣ ደረጃም ያለ ሕመም መውረድ ካልቻሉ ጊዜው ገና ነው።

ከቻሉ በሜዳማ ስፍራ አንድ ደቂቃ እየሮጡ ሁለት ደቂቃ እየተራመዱ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጀምሩ፤ በማግስቱም ይረፉ። እርምጃን ማሳጠር በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል። የፍጥነትና የቁልቁለት ሩጫ፣ ይበልጥ የሚያጓጓው እርሱ ቢሆንም፣ የመጨረሻው ይሁን። በእኔ እምነት ዋናው መመዘኛ የማግስቱ ጠዋት ነው፤ ቀላል ሕመም ተሰምቶ እስከዚያ ከጠፋ መቀጠል ይቻላል፣ ጉልበትዎ ካበጠ ግን ልምምዱን ይቀንሱ።

ጉልበትዎ በድንገት የሚከዳዎት ወይም አልታጠፍ የሚልዎት ከሆነ፣ አልያም ጅማቱ በቀዶ ሕክምና የተጠገነ ከሆነ፣ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳያማክሩ አይጀምሩ።