«ፖዘቲቭ» የሚለው ወረቀት ምኑን ነው ያየው?

ጥያቄ፦ ለጨጓራ ባክቴሪያ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ለ14 ቀን ሳላቋርጥ ዋጥኩ። ሕመሙም ቀለል አለልኝ። ከ2 ወር በኋላ ግን አንድ ክሊኒክ ከጣቴ ደም ወስደው «አሁንም ፖዘቲቭ ነህ» አሉኝና ያንኑ መድኃኒት በድጋሚ አዘዙልኝ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላመደው ማለት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ድጋሚውን ከመጀመርዎ በፊት የውጤት ወረቀቱን አውጥተው ይመልከቱ። ከኤች ፓይሎሪ (የጨጓራው ባክቴሪያ) ስም አጠገብ «ኤ-ቢ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ የተመረመረው አንቲቦዲ ነው። ይህ ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራው መከላከያ እንጂ ባክቴሪያው ራሱ አይደለም። አንቲቦዲ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ከጣት ደም በሚሠራው የካርድ ምርመራ «ድኛለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ውሻው አሁንም ስለሚጮህ ሌባው ግቢ ውስጥ አለ ብሎ እንደመደምደም ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ሁለትና ሦስት ዙር አንቲባዮቲክ የሚውጥ ሰው ብዙ ነው፤ ያናድዳልም።

የዳኑ መሆንዎን የሚነግርዎት «ኤ-ጂ» ወይም አንቲጅን (የባክቴሪያው የራሱ አካል ቁራጭ) የሚባለው የሰገራ ምርመራ ነው። ካልሆነም የትንፋሽ ምርመራ አለ። በትንፋሹ ምርመራ ምልክት የተደረገበት ዩሪያ የሚባል ውህድ ይጠጣሉ፤ ባክቴሪያው ካለ ዩሪያውን ይሰብረውና ምልክቱ በሚያስወጡት አየር ውስጥ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ተራው የሰገራ ምርመራ፣ ማለትም ለአሜባና ለጃርዲያ በማይክሮስኮፕ የሚታየው፣ ኤች ፓይሎሪን አያሳይም። ላብራቶሪ ሲሄዱ «የሰገራ አንቲጅን» ብለው በስሙ ይጠይቁ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የመጨረሻውን አንቲባዮቲክ ከዋጡ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ካቆሙ ደግሞ 2 ሳምንት መሙላት አለበት። ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከተመረመሩ የባክቴሪያው ቁጥር ስለሚቀንስ ሳይድኑ «ነጌቲቭ» ሊባሉ ይችላሉ። በእነዚያ 2 ሳምንታት ቃር ከያዝዎት ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለበትን ፈሳሽ ማስታገሻ መጠቀም ይቻላል።

ይህ ሁሉ በትክክል ተደርጎ አንቲጅኑ ፖዘቲቭ ከሆነስ? ያኔ መለመድ የሚለው ጥርጣሬዎ ተገቢ ይሆናል። ክላሪትሮማይሲን የሚሠራው ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበት ማሽን፣ ማለትም ራይቦዞም ላይ በመለጠፍ ነው። በባክቴሪያው የዘር መመሪያ (ዲኤንኤ) ውስጥ የአንዲት ፊደል ለውጥ ከመጣ መድኃኒቱ የሚለጠፍበት ቦታ ይበላሻል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ማራዘም ወይም መጠኑን መጨመር አይጠቅምም። ክላሪትሮማይሲን ያለበት ሕክምና አንዴ ከከሸፈ ሁለተኛው ዙር ክላሪትሮማይሲን ሊኖርበት አይገባም የሚባለው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚተካው ባለ አራቱ ሕክምና ነው፤ ኦሜፕራዞል፣ ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ለ10–14 ቀን። ቢስመዙ ምላስንና ሰገራን ያጠቁራል፤ አይደንግጡ። ቴትራሳይክሊኑን ከወተት ጋር አይውሰዱ፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

ሐኪምዎ ጋ ሲሄዱ ባለፉት ዓመታት የዋጧቸውን አንቲባዮቲኮች ዝርዝር ይዘው ይሂዱ። በተለይ ለሳል ተብሎ የተሰጠ አዚትሮማይሲን ካለ ይንገሩ። የክላሪትሮማይሲን የቅርብ ዘመድ ስለሆነ አንዱን የለመደ ባክቴሪያ ሌላውንም ይለምዳል። ለአሜባ በየጊዜው የተወሰደ ሜትሮኒዳዞልም እንዲሁ ይመዘገብ። አሞክሳሲሊንን ግን ይህ ባክቴሪያ ብዙም አይለምደውም፤ እንደገና ሊታዘዝ ይችላል።

ስለ አወሳሰዱ አንድ ነገር እንጨምር። ኦሜፕራዞል ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይዋጣል፤ እንክብሉ አይከፈትም፣ አይታኘክም። ብዙ ሰው ከእራት በኋላ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ይጎርሰዋል። አሲዱ በደንብ ካልቀነሰ ደግሞ አንቲባዮቲኮቹም በሙሉ አቅማቸው አይሠሩም።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ይዞኝ አክታዬ አረንጓዴ ሆነ። አንቲባዮቲክ ያስፈልገኛል? (ከጅዳ)

መልስ፦ በቀለሙ ብቻ አያስፈልግም። አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው ከነጭ የደም ሴሎችዎ ኢንዛይም ነው፤ ቫይረስም ይሁን ባክቴሪያ ሲዋጉ ይታያል። ከጉንፋን በኋላ ሳል 2–3 ሳምንት መቆየቱ የተለመደ ነው። ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ተሻለኝ ካሉ በኋላ የተመለሰ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ግን ዛሬውኑ ይታዩ። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን ይውጣሉ። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። ባለፈው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልቧቸው፣ ቃላቸው ተሳስሮ ወደቁ። «ድካም ነው» ይላሉ። (ከደሴ)

መልስ፦ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። የገለጹት ነገር የስኳር መውረድ ይመስላል፤ ተጠርጣሪውም ግሊቤንክላማይድ ነው። ሁለቱ ክኒኖች አንድ ላይ ይዋጡ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ሜትፎርሚን በዋናነት ጉበት ስኳር እንዳያመርት ይገታል፤ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽትን እየነዳ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ ሆድ ውስጥ እህል ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ውጤቱ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ኩላሊት የደከመ እንደሆነ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ይጠራቀማል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጦ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ማለት እንግዲህ 8 ሰዓት ሙሉ ኢንሱሊን እየወጣ ምግብ አይገባም ማለት ነው።

ክኒኑን ግን በራሳችሁ አታቁሙት። ጾሙ ከመግባቱ 2–3 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የኩላሊት ምርመራ፣ ማለትም ክሬያቲኒን ይታይ። ሁለተኛ፣ ግሊቤንክላማይዱ ስኳርን የማውረድ አደጋው አነስ ባለ መድኃኒት ይተካ ወይስ መጠኑ ቀንሶ ከመጀመሪያው ምግብ ጋር ይሁን? ሦስተኛ፣ ለደም ግፊት አቴኖሎል ይወስዳሉ? አቴኖሎል ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን መንቀጥቀጥና ፈጣን የልብ ምት ስለሚደብቅ የሚቀረው ግልጽ ምልክት ላብ ነው። ጾሙን በተመለከተ ንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች።

ሲያልባቸው ወይም ሲንቀጠቀጡ ወዲያው ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያው አጠገብ ከሌለ፣ 3–4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ። ከወጣ ምግብ ያብሏቸው፤ ስኳሩ ብቻ አይበቃም። ራሳቸውን ከሳቱ ምንም ነገር ወደ አፍ አይጨምሩ፣ ወደ ሳንባ ይገባል፤ በጎን አስተኝተው ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። በግሊቤንክላማይድ የወረደ ስኳር ከተስተካከለ በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል፣ ነቅተው ቢናገሩም ሐኪም ሳያያቸው ወደ ቤት አይመለሱ።

መለኪያውም ያሳስታል። ብርቱካን የላጠ ወይም ስኳር የነካ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል፤ 65 የሆነው 110 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። እጅን በውሃ ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል። የመለኪያው ወረቀት ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ እርጥበት ያበላሸዋል። መሣሪያው ደህና ቢሆንም ከ100 በታች ላይ እስከ 15 ነጥብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዛነፍ ስለሚችል፣ 78 አይተው ምልክቱ ካለ ስኳሩን ይስጡ።

9 ሰዓት ሲሞላ በስኳር ሻይና በዳቦ መጀመር ደግሞ የተገላቢጦሹን ችግር ያመጣል። ጎመኑንና ምስሩን ቀደም አድርገው ቢበሉና እንጀራውን ቢያሳንሱ የስኳሩ አወጣጥ ረጋ ይላል። (እንጀራ ሳይቆርሱ ወጥ መብላት ለእናቶቻችን እንግዳ ነገር መሆኑ ይገባናል፤ በማንኪያ ይሞከር።)

ጥያቄ፦ ከእንጦጦ ቁልቁል 8 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። በማግስቱ ደህና ነበርኩ፤ በ2ኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ላክቲክ አሲድ ነው ብለው ወጌሻ ጋ ሂድ አሉኝ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ላክቲክ አሲድ አይደለም፤ እሱ ጡንቻ ሲሠራ የሚፈጠር ነገር ሲሆን ሩጫው ባበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይጠራል። ቁልቁል ሲሮጡ የፊት ጭን ጡንቻ ክብደትዎን እየተሸከመ ይለጠጣል። ጡንቻው የተሠራው በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 400 ያህል ከሚደረደሩ ጥቃቅን ክፍሎች ሲሆን፣ እየተለጠጡ ሲጫኑ ደካሞቹ ቀድመው ይላቀቃሉ። ጥገናው እብጠት ይዞ ስለሚመጣ ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ደረጃ መውጣት ሳይሆን መውረድ የሚያምዎትም ለዚሁ ነው፤ መውረድ ያንኑ ጡንቻ እንደገና ይለጥጠዋል።

ቀስ ያለ የእግር ጉዞ ያፍታታል። ለ5–7 ቀን ቁልቁለት ይተዉ፤ ሕመሙ ቢሄድም የጡንቻው ጉልበት የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። ከዚያ በ10 ደቂቃ ቁልቁለት ይጀምሩ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። ጡንቻው ከመጀመሪያው ስለሚማር በሚቀጥለው ጊዜ የሚያምዎ በጣም ያነሰ ነው። በየምግቡ ሽሮ፣ ምስር ወይም እንቁላል አይጥፋ። የበረዶ ውሃ ስሜቱን ያቀለዋል፤ ጡንቻ ለማሳደግ ክብደት የሚያነሳ ሰው ግን ከልምምድ በኋላ ሁልጊዜ ባይነከርበት ይሻላል፣ እድገቱን ያዘገያል።

ወጌሻው ለስለስ አድርጎ ቢያሽ ችግር የለውም። ሕመሙ በአንድ ባት ብቻ ከሆነ፣ ባቱ ካበጠና ከሞቀ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ማንም እንዳያሽዎት፤ ሐኪም ይየው። ሽንትዎ እንደ ኮካ ወይም እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ የተሰባበረ ጡንቻ ኩላሊትዎን እየጎዳ ነውና፣ ዳይክሎፌናክ ሳይውጡ በዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።